የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቢማሩት ምን ይፈይዳል? (ሁለት ቅጂዎችን አዳምጠን የሰጠነው አስተያየት)



ሶባ ላይ ስናስተምር በየዓመቱ የማይቀርልን አንድ ጥያቄ ነበር። 12ኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች ፎርም ሊሞሉ ሲሉ ይመጡና «ቲቸር፣ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ የሚባል ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ አሉ፤ እሱን ብንሞላ ምን ይመስላችኋል?» ይሉናል። ወላጆች መልስ ለመስጠት ጊዜ አይፈጅባቸውም። «ለአዝማሪነት ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» ይላሉ። ከመምህራን መካከልም «መጀመሪያ እንጀራ የሚወጣበትን ያዝ፣ ዘፈኑ የትም አይሄድብህ» ብለው የሚሸኙ አይጠፉም።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። ለስደተኛ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ወንበር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በ1992 የተጀመረውና ዳፊ በመባል የሚታወቀው የስደተኞች ነፃ የትምህርት ዕድል ለተመረጡት በር ሲከፍት ብዙዎች ደጅ ይቀራሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች ስለሆንን የአንድን ወንበር ዋጋ እናውቀዋለን። ስለዚህ «ደስ ያላችሁን ተማሩ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «ይሄማ ትምህርት አይደለም» ብሎ መዝጋትም ተገቢ አይደለም።

በባዶ ሜዳ ከመከራከር ብለን ሁለት ቅጂዎችን መርጠን ደጋግመን አዳመጥን። አንደኛው በ1944 ካይሮ፣ ሁለተኛው በ1985 ዋሽንግተን የተቀረጹ ናቸው። ሁለቱም በማሽን ተጠቅመው እኛን የሚመለከት ድምፅ ያስቀሩ ሥራዎች ናቸው። በጎናቸውንም ጉድለታቸውንም እንናገራለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፎርሙ እንመለሳለን።

የካይሮው ሽቦ

ሐሊም ኤል ዳብህ በ1921 ካይሮ የተወለደ ግብፃዊ ነው። የተማረው ግብርና ነበር። በ1944 ገና ተማሪ ሳለ ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሰ። ቴፕ ሳይስፋፋ በፊት ድምፅ በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ይቀረጽ ነበር፤ ማሽኑም እንደ ዛሬው ሞባይል ኪስ የሚገባ አልነበረም፣ ከባድ ሸክም ነው። ይህንን ተሸክሞ የሄደው የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ቦታ ነበር።

ዛር ምን እንደሆነ ለኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ጎንደርም፣ ኦምዱርማንም፣ ካይሮም ይታወቃል። በካይሮው ሥርዓት ሴቶች ተሰብስበው በከበሮና በዘፈን የታመመችውን ያክማሉ። ኤል ዳብህ የቀረጸውን ይዞ ወደ ጣቢያው ተመለሰና ድምፁን ይሠራበት ጀመር። ዋናውን ድምፅ ቀንሶ ከላዩ የሚንሳፈፈውን አስቀረ፤ ግድግዳቸው በሚንቀሳቀስ ክፍሎች ውስጥ እያሰማ እንዲያስተጋባ አደረገ፤ ያንን መልሶ ቀረጸ። ሥራውን በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ ለሕዝብ አሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፌር የባቡር ድምፅ ቀርጾ ያቀናበረበትና በብዙ መጻሕፍት የዚህ ጥበብ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ሥራ የቀረበው በ1948 ነው። ግብፃዊው የግብርና ተማሪ በ4 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው።

ከሥራው የ2 ደቂቃ ያህል ቁራጭ በኋላ በሲዲ ታትሞ ወጥቷል። ስንሰማው ቃል አይለይም፣ ከበሮም ጎልቶ አይመጣም። የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣ የሴቶች ድምፅ ነው፤ እንደ ነፋስ ከፍ ዝቅ ይላል። በሞባይል ስፒከር ምንም አይገኝበትም፤ በጆሮ ማዳመጫ ነው መሰማት ያለበት። በኛ ግምት ትልቁ ነገር ኤል ዳብህ ማሽኑን ለማስደነቂያ አለመጠቀሙ ነው። ዛር ቤት የገባ ሰው ቃሉን ሳይሆን ክፍሉን የሞላውን ድምፅ ይዞ ይወጣል። እሱም ያንን ፈልጎ በማሽኑ አገኘው።

ጉድለቱስ? ሴቶቹ ስም የላቸውም። ማን እንደዘፈነች፣ ለማን እንደተዘፈነ፣ መቀረጻቸውንስ ወደውት እንደሆነ ከቅጂው አንሰማም። ሥርዓቱ የሴቶች ስለነበረ ኤል ዳብህ ፊቱን ተሸፋፍኖ እንደገባ ይነገራል። እኛ ስደተኞች መቅረጫና ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋንም። ድምፃችንን ሰጥተን ስማችን የቀረበትን ጊዜ እንቆጥራለን። ስለዚህ ሥራውን እያደነቅን ይህን ሳንናገር አናልፍም፦ ሳያስፈቅዱ የቀረጹት ድምፅ ጥበብ ቢሆንም ዕዳ አለበት። የሙዚቃ ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ ገብቶ ከመማር ከሚገኘው ጥቅም አንዱ ይሄ ጥያቄ ከመቅረጫው በፊት መነሳት እንዳለበት ማወቅ ነው።

ኤል ዳብህ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በ1959 ከኮሎምቢያና ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገባ። ከዚያ ወዴት ሄደ ብትሉ አዲስ አበባ! ከ1962 እስከ 1964 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንት፣ የበገናና የከበሮ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። በዘመኑ በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አዋቂዎች አንዱ በኛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲመላለስ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዋሽንግተን የመጣው ካሴት

ኃይሉ መርጊያን የማያውቅ ቢኖር ዋልያስ ባንድን ያውቃል። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረ፣ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ የገባ ነው። ከአባላቱ የተወሰኑት ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ሸሞንሟናዬ በሚለው ዜማ ስም ይታወቃል፤ ሽለላና አምባሰልም አሉበት። መሣሪያዎቹ በልጅነቱ የለመደው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ምት የሚመታ ማሽን ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዚያ መሀል ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። የስደት ኑሮ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ካሴቱን ስናዳምጥ መጀመሪያ የሚይዘን አኮርዲዮኑ ነው። በ1985 በአዳዲስ ሲንተሳይዘር መሀል አኮርዲዮን ይዞ መግባት ወደኋላ መሄድ ይመስላል። ኃይሉ ግን አሮጌውን ድምፅ ከፊት አድርጎ አዲሱን ማሽን አጃቢ አደረገው። ሽለላው ላይ ሰው አይፎክርም፤ አኮርዲዮኑ ነው የሚፎክረው። አምባሰሉ ላይ ደግሞ ሲንተሳይዘሩ ከሥር ረጋ ብሎ ይዘልቃል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ ይተክዛል። ብቻውን የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር ሲጫወት ይመስላል። እኛ እንደምንሰማው የካሴቱ ምርጥ ቦታ ይሄ ነው።

ፈጠን ባሉት ዜማዎች ላይ ግን ቅር ይለናል። የሚመታው ማሽን አይደክምም፣ አይፈጥንም፣ ሰው አያይም። ከበሮ መቺ የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ነው የሚመታው፤ እስክስታው ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ማሽኑ እንዴት ይህን ይወቅ? በ1985 ብቻውን የሚሠራ ስደተኛ ከበሮ መቺ ከየት ያምጣ ቢባል እውነት ነው። ከሱ በኋላ የመጡ በርካታ የኪቦርድ ካሴቶች ግን ችግሩን እንደ ወግ ይዘው ቀሩ። ለኃይሉ መላ የነበረው ለነሱ ልማድ ሆነ።

ድምፁ ከየት መጣ?

በዚያ ዘመን በዓለም ከተሰራጩት ሲንተሳይዘሮች ስመ ጥሩ በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው። ኃይሉም በዚህ ካሴት ተጠቅሞበታል። የዲኤክስ 7 ድምፅ የተፈለሰፈው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ጆን ቻውኒንግ ከበሮ መቺና የሙዚቃ ድርሰት ተማሪ ነበር፤ መሐንዲስ አልነበረም። ካሊፎርኒያ ባለው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ተምሮ ሌሊት ሌሊት ይሞክር ነበር። በ1967 ያገኘው ነገር በማሲንቆ ሊገባን ይችላል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አውታሩ ላይ ሲያርገበግብ ድምፁ ይርገበገባል፤ ጆሯችንም መርገብገቡን ይለያል። አንድ ማሽን ያንን መርገብገብ እያፋጠነ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ፣ ከዚያም መቶዎችን ጊዜ ቢያደርገው ግን ጆሮ መርገብገብ መስማቱን ያቆማል። በምትኩ ደወል ወይም ነሐስ የሚመስል አዲስ ድምፅ ይሰማል። ቻውኒንግ ይህን በጆሮው አገኘ፣ በሒሳብ አስረዳው፣ በ1973 አሳተመው። የአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች አልፈለጉትም፤ የጃፓኑ ያማሃ ገዛው። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ቻውኒንግን ቋሚ መምህር ሳያደርገው አሰናብቶት ነበር፤ ኋላ መልሶ ጠራው። ከፈጠራውም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። «ከዘፈን ምን ይገኛል?» ለሚሉ ወላጆች ይህን ቁጥር መንገር አይከፋም።

እኛን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ ነገር ያሳስበናል። ማሽኑን የሠራው ሰው የራሱን አገር ቅኝት ውስጡ አስቀምጦት ይሄዳል። የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ቅኝቱን እንደ ፍላጎት መለወጥ አይቻልበትም ነበር፤ ይህ የተቻለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመጣው ተከታዩ ነው። ቅኝቱ ተቆልፎ የመጣ መሣሪያ የገዛ አገር ሁሉ ዘፈኑን በዚያው ልክ መቁረጥ ነበረበት።

ግማሽ ሴንቲ ሜትር

ይህንን ከክፍል ውስጥ ሳንወጣ ማየት ይቻላል። መምህራን፣ ለ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ተማሪዎች ብትሞክሩት አትቆጩም። በአንድ ሳንቃ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ወጥሩ። ግማሹ ላይ፣ ማለትም 45 ላይ ብትይዙት ድምፁ በእጥፍ ይወጣል። 60 ላይ ስትይዙት 1.5 እጥፍ፣ 72 ላይ ስትይዙት 1.25 እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ድምፆች ከባዶው ሽቦ ድምፅ ጋር አብረው ሲሰሙ እርስ በርስ ይስማማሉ።

አሁን ወደ ኪቦርዱ እንምጣ። ኪቦርድ እጥፉን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛው በ1.0595 ገደማ ሲባዛ የሚገኝ ነው። መነሻው 440 ቢሆን የሽቦው 1.25 እጥፍ 550 ይሰጣል፤ ኪቦርዱ ግን 554.4 ገደማ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ብታሰሙ በሰከንድ ከ4 ጊዜ በላይ «ዋው ዋው» የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል። በሽቦው ላይ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ናት፤ ጆሮ ግን ያውቃታል።

ክራር የሚቃኝ ሰው ሰንጠረዥ አይዝም፤ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺሆዬውን በጆሮው ይፈልጋል። በተለይ አንቺሆዬን በኪቦርድ ሲሰሙ አንድ ነገር የጎደለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ መሣሪያው ቦታውን አያውቀውም። ዛሬ በኮምፒዩተር ይህን ማስተካከል ይቻላል። የሚያስተካክለው ግን ሁለት ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፦ አንቺሆዬን በጆሮው፣ ማሽኑን በሒሳቡ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሞልቷል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ነው የጠፋው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሶባ ጡብ

ቦታው ሶባ ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ሶባ የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ከ1950 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች እየመጡ የቤተ ክርስቲያኖቿን ጡብ፣ ሸክላዋንና መቃብሯን ቆፍረው አውጥተዋል። በእነዚያ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ የተዜመውን ዜማ ግን ማንም ቆፍሮ አላወጣውም። ጡብ መሬት ውስጥ ይቆያል፣ ድምፅ አይቆይም።

የኛ ሊቃውንት ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ሲወርድ ከኖረ በኋላ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት እነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች የዘመኑ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። «ቴክኖሎጂው የፈረንጅ ነው፣ ለኛ ምናችን ነው» የሚል ካለ ድጓውን ገልጦ ይመልከት።

የዛሬውም ድምፅ ቢሆን ዋስትና የለውም። ከ1940 ጀምሮ የሱዳንን ዘፈን ያሰማው የኦምዱርማን ራዲዮ ሕንፃ ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ሲነሳ በተዋጊዎች እጅ ገባ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በማርች 2024 ነው። በእነዚያ ወራት ለቤተ መዛግብቱ ያልተጨነቀ የሱዳን ሙዚቃ ወዳጅ አልነበረም። የመሐመድ ወርዲን ዘፈን ቃሉን ሳናውቅ አብረን የምናዜም እኛ ሐበሾችም ጭንቀቱ ጭንቀታችን ነበር። በየመጠለያው ያሉ አባቶችና እናቶችስ? የሚያውቁትን የለቅሶ ግጥም፣ የሠርግ ዘፈን፣ የእረኛ ዋሽንት ይዘው የሚያልፉት ቅጂ ሳይኖራቸው ነው።

ታዲያ ይሞላ ወይስ አይሞላ?

በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ይህ ትምህርትም እንደዚያው ነው። ስቱዲዮ፣ መብራት፣ ታዋቂ ዘፋኝ አይቶ የሚሞላው ልጅ አንደኛው ዓመት ላይ የሚያገኘው ሒሳብ፣ የድምፅ ፊዚክስ፣ የጆሮ አሠራርና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ሒሳብ የሚሸሽ ልጅ አይሙላው። ዘፈን መቅዳትና መቁረጥ ብቻ የሚፈልግም ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም፤ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ከ2000 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በሁለት ወር ይለመዳል።

ጆሮውም ሒሳቡም ያለው ልጅ ግን ይሙላው እንላለን። ፎርሙ ላይ «የሙዚቃ ቴክኖሎጂ» የሚል ስም ባይገኝ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ፊዚክስ ይዞ ክራሩን አለመልቀቅም መንገድ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ለንደንና ቦስተን ላይ ሙዚቃ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ይዞ መጣ። ኤልያስ መልካ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተማረ፣ ከዚያ በገና ስቱዲዮን አቋቋመ። በ2019 ከማረፉ በፊትም ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሞባይል የሙዚቃ መሸጫ ጀመረ፤ ዓላማው የባለሙያው ሥራ በነፃ እየተገለበጠ እንዳይቀር ነው። መንገዳቸው ለየቅል ቢሆንም አንዳቸውም ከሙዚቃና ከሙያ አንዱን ብቻ ምረጡ ቢባሉ እሺ የሚሉ አይደሉም።

ስኮላርሺፕ የሚመርጡ ሰዎችም ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አንድ ነገር እንላለን። ስደተኛ ሐኪምና መሐንዲስ እንደሚያስፈልገው አይካድም። የተሰደደ ሕዝብ ግን ቤቱን ትቶ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ድምፁን ነው። ድምፁን በሙያ የሚጠብቅለት አንድ ሰው ከመቶ ውስጥ ቢማርለት ብክነት ነው ሊባል አይገባም።

ፎርሙ እስኪደርስ ድረስ ተማሪዎች ሥራ አላችሁ። ሞባይላችሁን ይዛችሁ አንድ አዋቂ ዘንድ ሂዱ። አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ነፋስ የማይገባበት ቦታ ፈልጉ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ከመዝፈናቸው በፊት ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቦታና ዕለቱን በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አድርጉ። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ካሉ ፍላጎታቸው ይከበር። የቀዳችሁትን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ስጡ። ካይሮ ላይ በ1944 የጎደለው ይህ ነበር፤ እሱን ለማሟላት ደግሞ ዲግሪ አይጠየቅም።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።